ያልወጣሁት ጉብታ

ድምፄን የሰማ ሰው ጉልበቴን ቢያይ አያምንም። በጎረምሳነቴ ሠርግ ላይ አምባሰል ሳዜም ከአርዲቦ ሐይቅ ማዶ ያለ ገበሬ በሬውን አቁሞ ያዳምጠኝ ነበር ይላሉ፤ እኔም አላስተባበልኩም። ቅሬያችን ለፋፊ አድርጎ የሾመኝ በዚሁ ድምፅ ነው። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ እኛ ጋ ግን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ የሚቀብርበት፣ ከመንግሥት በላይ የሚፈራ ነገር ነው። ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ ሁለት ጉብታ እወጣለሁ፤ አንዱ ከመስጊዱ በስተኋላ፣ አንዱ ከጅረቱ ማዶ። «ስማ! ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ብዬ የሟቹን ስም እጠራለሁ። ከዚያ በኋላ ሞፈር የሚያነሳ፣ ገበያ የሚወጣ፣ ልብስ የሚያጥብ የለም። ሬሳው አፈር እስኪለብስ ሥራ አይሠራም።

ይህን ሃያ ሁለት ዓመት ሠራሁ። ሃያ ሁለት ዓመት አንድም ቀን አልሰነፍኩም። የሰነፍኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሷም በቃችኝ።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ የቅሬው ዳኛ ሀጂ አብዱልሰመድ ታላቅ ወንድማቸው ዘይኑልአቢዲን ሞቱባቸው። ሌሊቱን ዝናብ ሲጥል አድሮ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። የመጀመሪያውን ጉብታ ወጣሁ፣ ለፈፍኩ። ሁለተኛውን ከግርጌው ሆኜ ቀና ብዬ አየሁትና «እኚህን የመሰሉ ሰው ሞተው የማይሰማ ማን አለ?» አልኩ ለራሴ። ጉልበቴን እያሻሸሁ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ከመስጊዱ ጉብታ የማይሰሙት ከጅረቱ ማዶ ያሉት አራት ቤቶች ብቻ ናቸው። ሦስቱ በስልክ ሰሙ። አራተኛው የመስኡዳ ቤት ነው።

መስኡዳ የጓደኛዬ የሀምዳን ሚስት ነበረች፤ ሀምዳን ከሞተ አስር ዓመት ሆኖታል። ያለቻት አንዲት ልጅ ኑርሀያት ናት። ኑርሀያት ሳዑዲ ሄዳ ሦስት ዓመት የሰው ቤት ሠርታለች። አምስት ፎቅ ደረጃ በቀን ሠላሳ ጊዜ ስወጣና ስወርድ ሳንባዬ ተከፈተ ትላለች። ተመልሳ ሩጫ ጀመረች። ስንስቅባት ደሴ አሸነፈች፤ መሳቅ ስንተው አዲስ አበባ ሄዳ ለአፍሪካ ሻምፒዮና በአስር ሺህ ሜትር ብሔራዊ ቡድን ውስጥ ገባች። ዘይኑልአቢዲን የሞቱ ለት እሷ ወደ ካምፕ ልትሄድ ስድስት ሰዓት ላይ ሚኒባስ ይጠብቃታል። እናቷ በዋዜማው እህቷን ልትጠይቅ ደሴ ሄዳ እዚያው አድራለች፤ ልጇን የምትሸኘውም ከደሴ መናኸሪያ ነው። ልጅቷ ብቻዋን ነበረች፤ ስልኳን ዘግታ የመጨረሻ ልምምዷን ልትሠራ ወጣች።

እኛ አርባ የምንሆን ወንዶች መቃብሩን ከበን ቆመናል። ጉድጓዱ ተምሶ ሬሳው ሊወርድ ሲል ፊት ለፊት ባለው ዳገት ላይ ቀይ ሱሪ ብቅ አለ። ወጣ። ወረደ። ደግሞ ወጣ። እኛ በዛፍ ተሸፍነናል፤ እሷ እኛን አታይም፣ እኛ ግን እናያታለን። ሼሁ ዱአ ያደርጋሉ፣ እኛ «አሚን» እንላለን፣ ቀይ ሱሪው ይወርዳል። ስምንት ጊዜ ወጣች። የቆጠርኩት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ በኋላ አወቅሁ።

ለቅሶው በሦስተኛው ቀን እንዳለቀ ቅሬው ተሰበሰበ። ክርክሩ ሩጫ ሥራ ነው ወይስ ጨዋታ የሚል ሆነ። አንዱ ተነስቶ «ሥራ ከሆነ በቀብር ቀን ሥራ ሠርታለች» አለ። ሌላው «ጨዋታ ከሆነማ ይባስ! በሬሳ ላይ ተጫውታለች!» አለ። እንግዲህ ከዚህ የሚያመልጥ ማን ነው? ስልክ ተደወለላት፤ ድምፁ ለሁላችንም እንዲሰማ ተደረገ።

«ወላሂ አልሰማሁም» አለች ኑርሀያት። «ብሰማ ኖሮ እግሬን አላነሳም ነበር። ዘይኑልአቢዲን እኔንም ቁርአን አስቀርተውኛል፤ አስተማሪዬ ነበሩ። ላልሰማሁት ነገር ግን ይቅርታ አልጠይቅም።»

ሀጂ አብዱልሰመድ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ከለቅሶው ገና አልደረቀም። «ሀሚዱ፣ ከሁለቱም ጉብታ ለፍፈሃል?»

አርባ ሰው አየኝ። «አዎ» አልኩ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። ጉልበቴንስ አሽቼው ነበር።

የተፈረደው እንዲህ ነው፤ ልጅቷ ስለሌለች እናቷ በእሷ ፈንታ ድንጋይ ተሸክማ በዳኛው ደጅ «አፉ በሉኝ» ብላ ይቅርታ ትጠይቅ። መስኡዳ ከተቀመጠችበት ተነሳች። «ልጄ አልሰማሁም ካለች አልሰማችም» አለች። «ልጄ በሰው አገር ወጥ ሰረቅሽ ተብላ በሐሰት ተመትታለች። በአገሯም በሐሰት አታጎነብስም። እኔም ስለ እሷ አላጎነብስም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፤ ከእኔ ደጃፍ ግን አይቆረጥም።»

ስለዚህ ከቅሬው ወጣች። ማስወጣቱንም የለፈፍኩት እኔው ነኝ፤ «መስኡዳ ቤት እሳት የሚጭር፣ ውሃ የሚያቀብል፣ እሷ ከተቀመጠችበት የሚቀመጥ ከቅሬው ጋር ይጣላ!» ብዬ። እሷ ላይ ለመጮህ ሁለቱንም ጉብታ ወጣሁ። ያን ቀን ጉልበቴ አላመመኝም፤ ይህን ሳስበው እስካሁን ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል።

የማሽላዋን አረም የሚያግዛት ጠፋ። ብቻዋን ስታርም በመንገዱ ሳልፍ ፊቴን ወደ ሐይቁ አዞራለሁ። ብትሞት ማን ይቀብራታል? እኛ ጋ ከዚህ የበለጠ ማስፈራሪያ የለም። እሷ ግን አንድም ሽማግሌ አልላከችም።

የውድድሩ ቀን ቅዳሜ ነበር። ሐይቅ ከተማ የወረድነው አስራ አምስት እንሆናለን፤ ሱንዱስ አሳ ቤት ተሰበሰብን። ሱንዱስ ሰባት ዓመት ሳዑዲ ሠርታ የተመለሰች ሴት ናት፤ የተጠበሰ የቆሮሶ አሳ እንደ እሷ የሚያቀርብ የለም፣ ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥንም አላት። አፋችንን ሞልተን ስለ ሯጮቹ ስናወራ፣ ልጅቷን ከነእናቷ ያስወጣን ሰዎች መሆናችንን የረሳን እንመስል ነበር። «የእኛ ልጅ» ይላል አንዱ። «የአርዲቦ ውሃ!» ይላል ሌላው። ሀጂ አብዱልሰመድ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል።

ሯጮቹ መስመሩ ላይ ሲቆሙ መስኡዳ ገባች።

በእግሯ ነው የመጣችው። የባጃጅ ሹፌሩ ማህዲ የቅሬው አባል ነው፤ አይጭናትም። ጫማዋ እስከ አንገቱ ጭቃ ነው። ቤቱን ግራ ቀኝ አየችና መሃል ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ያለውን ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሆን ብላ ነው።

ሕጉ ሕግ ነው፤ እሷ ከተቀመጠች እኛ እንነሳለን። ሀጂ አብዱልሰመድ ተነሱ። እኛም ተነሳን፤ ማለቴ ቂጣችን ከወንበሩ ተነሳ፣ ዓይናችን ግን ከቴሌቪዥኑ አልተነሳም። ሀጂ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄዱ። በዚህ መሃል ተኩሱ ተሰማ፣ ሯጮቹ ወጡ። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«የእናንተ ቅሬ አርዲቦ ላይ ነው» አለች ሱንዱስ ከማብሰያው በኩል። «ይህ የእኔ ቤት ነው። የሚቀመጥ ይቀመጥ፣ የማይቀመጥ በሩ ያው።»

ያኔ ነው ማህዲ መላ የፈጠረው። «ካልተቀመጥን እኮ ሕጉ አልፈረሰም» አለ ቀስ ብሎ። ሁላችንም ገባን። አስራ አምስት ወንዶች ግድግዳውን ተደግፈን ተደረደርን። አንዲት ሴት መሃል ላይ ንግሥት መስላ ተቀምጣለች፤ እኛ ከኋላዋ እንደ ዘበኛ ቆመናል። አሳው ጠረጴዛው ላይ ይቀዘቅዛል።

ውድድሩ ሃያ አምስት ዙር ነው። የኢትዮጵያ መለያ የለበሱት ሦስት ናቸው፤ ኑርሀያት፣ አንዲት የአርሲ ልጅና አንዲት የትግራይ ልጅ። ኬንያዎቹም ሦስት፣ ኡጋንዳዎቹ ሁለት። የሚሮጡበት አገር ሙቀት ከስክሪኑ ይወጣል፤ ከመጀመሪያው ዙር ፊታቸው በላብ ያብለጨልጭ ጀመር። በአራተኛው ዙር ኑርሀያት ከኋላ ተነስታ ሁሉንም አልፋ ፊት ወጣች። ግድግዳው በሙሉ «ኧረ ማሻአላህ!» አለ።

አምስት ዙር፣ ስድስት ዙር፣ አስር ዙር እሷው ፊት ናት። ከኋላዋ የነበሩት እንደ ክር እየቀጠኑ፣ አንድ አንድ እያሉ ተቆረጡ። ኬንያዊቷ ልታልፋት ስትሞክር ትጨምራለች፤ ስትመለስ ደግሞ አትቀንስም። መስኡዳ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትመለከታለች።

በአስራ ሁለተኛው ዙር ጉልበቴ ከዳኝ። ግድግዳውን ይዤ ተንፏቀቅሁ፣ ቀኝ እግሬን አነሳሁ፣ ግራውን አነሳሁ፤ አልሆነም። ያገኘሁት ወንበር ላይ ዘጭ አልኩ። ወንበሩ የመስኡዳ ጎን ነበር።

«ተነስ አያ ሀሚዱ» አለች ሳታየኝ። «ይቀጡሃል።»

«ጉልበቴ ነው» አልኩ። ወኔ መስሏችሁ እንዳትሳሳቱ፤ ጉልበቴ ነው።

ሀጂ አብዱልሰመድ አዩኝ፤ አልተቆጡም። ቴሌቪዥኑ ልባቸውን አራርቶት ኖሯል። ጉሮሯቸውን ጠርገው «መስኡዳ» አሉ፤ ከወር በኋላ ስሟን ሲጠሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። «ልጅሽ ካሸነፈች፣ ለአገር ክብር ስንል ቅሬው ይታረቅሻል። ድንጋዩም ይቅር።»

ግድግዳው «አልሀምዱሊላህ» ብሎ ተነፈሰ። ተገላገልን አልኩ እኔም። ልጅቷ ታሸንፋለች፣ እናቷ ትመለሳለች፣ የኔ ውሸት ከሜዳሊያው ሥር ይቀበራል።

መስኡዳ ዞር ብላ አየቻቸው። «አልታረቅም ሀጂ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«አልታረቅም። ወርቅ ይዛ ስትመጣ ንጹሕ፣ ባዶ እጇን ስትመጣ በደለኛ ናት? ሰምታ ከሮጠች ብታሸንፍም አጥፍታለች። ካልሰማች ብትሸነፍም አላጠፋችም። እኔ የጠየቅኋችሁ አንድ ነገር ነው፤ ልጄ አጥፍታለች ወይስ አላጠፋችም? እሱን ንገሩኝ። ሜዳሊያውን ተዉት።»

መልሱን የሚያውቀው ሰው አጠገቧ ተቀምጧል። አፌን ከፈትኩ፣ ከዚያ ጋዜጠኛው ሲጮህ ዘጋሁት። ሃያኛው ዙር ነበር።

ጋዜጠኛው የሚለው እንዲህ ነው፤ ኑርሀያት ይህን ሁሉ ዙር የምትጎትተው ለቡድኑ ነው፣ ኬንያዎቹን አድክማ የአርሲዋን ልጅ ለመጨረሻው ዙር ልታደርስ ነው፣ ሥራዋን እየሠራች ነው። ይህን ሲል ግድግዳው ላይ ያሉት ተያዩ። ሥራ ነው ጨዋታ ብለው የተከራከሩት እነሱ ናቸውና።

እኔ ግን ከጋዜጠኛው በፊት ገብቶኝ ነበር። በደቦ አጨዳ ላይ ከፊት የሚሆን ሰው አለ። ዜማውን የሚያወጣው እሱ ነው፣ ነፋሱን የሚበላው እሱ ነው፣ ሌላው እሱን አይቶ ነው ወገቡን የሚያጠነክረው። ማሳው ግን የሱ አይደለም። ሃያ ዓመት ሙሉ ከፊት የነበርኩት እኔ ነኝ። ልጅቷን ሳያት ወገቤ ድረስ ተሰማኝ።

ሁለት ዙር ሲቀረው እግሯ ተሳሰረ። የአርሲዋ ልጅ በጎኗ ወጣች፣ ኬንያዊቷ ተከተለች፣ ሌሎቹም አለፏት። «አበቃላት» አለ አንዱ ከግድግዳው፤ አፉን በያዝኩለት። የአርሲዋ ልጅ በመጨረሻው መታጠፊያ ተፈተለከችና ወርቁን ወሰደች። ቤቱ ሊፈርስ ደረሰ። ኑርሀያት ስድስተኛ ሆና ገብታ መሬት ላይ ተዘረረች። የአርሲዋ ልጅ ባንዲራውን ይዛ ለፎቶ ሰዎቹ አልቆመችም፤ መጥታ ክንዷን ይዛ አነሳቻት።

ጩኸቱ ሲበርድ መስኡዳ ተነስታ ነጠላዋን አጣፋች። «ስድስተኛ ወጣች» አለች ለሁላችንም። «እንግዲህ አሁንም ከቅሬው ውጪ ነኝ። መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ማንም አይሸኘኝ።» ወጥታ ሄደች። በጭቃው መንገድ፣ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሯ።

በጀሊሉ እምላለሁ፣ ከዚያ ወንበር የተነሳሁት በጉልበቴ አይደለም። ማህዲን «ባጃጅህን ንዳ» አልኩት። ጅረቱ ጋ ወረድኩና ሁለተኛውን ጉብታ ያዝኩ። አንዳንዱን ቦታ በእጄና በጉልበቴ ነው የወጣሁት። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ የአምባሰል ተራሮች ቀልተዋል። ቆሜ ትንፋሼን ሰብስቤ ለቀቅሁት።

«ስማ! ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!»

ሰው ከየቤቱ ወጣ። አካፋ የያዘ፣ ዶማ የያዘ፣ ነጠላውን ያዘቀዘቀ። «ማን ሞተ?» እያሉ ወደ ጉብታው ጎረፉ። ሀጂ አብዱልሰመድም ከከተማ ሲመለሱ እዚያው ደረሱ። ሰው እስኪሞላ ጠበቅሁ።

«የሞተ የለም!» አልኩ። «ዘይኑልአቢዲን የሞቱ ለት ይህን ጉብታ አልወጣሁም! ጭቃውን ፈርቼ፣ ጉልበቴን ፈርቼ ከሥር ተመለስኩ! ኑርሀያት አልሰማሁም ያለችው እውነቷን ነው፤ ለፍፌያለሁ ያልኩት እኔ ውሸታም ነኝ!»

ስድቡን አልዘረዝረውም። አካፋ ይዞ ሮጦ የመጣ ሰው ሬሳ ሲያጣ ደስ ይለዋል ብላችሁ እንዳታስቡ። ሀጂ አብዱልሰመድ ግን አልተሳደቡም። አጠገቤ መጥተው «በወንድሜ ቀን ዋሸህ?» አሉ። ከስድቡ ሁሉ ያቺ ገደለችኝ።

በማግስቱ ቅሬው ፈረደ፤ ድንጋዩን እኔ ተሸክሜ መስኡዳ ደጅ እንድሄድ፣ እሷ አፉ ስትል ወደ ቅሬው እንድትመለስ። ተሸክሜ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ከኋላዬ ናቸው። ወጉን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የተበደለ ሰው ድንጋዩን ሲያይ ቶሎ ብሎ «አፉ ብያለሁ» ይልና ያወርዳል። መስኡዳ በሯ ላይ እጇን አጣምራ ቆመች።

«አፉ በይኝ» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

«የተበደለችው እኔ አይደለሁም» አለች። «ያስወጣችሁኝ በልጄ ስም ነው፤ የምመለሰውም በልጄ ስም ነው። ስትመጣ እሷ ታውርደው።» በሯን ዘጋች። ሽማግሌዎቹ ጉድ አሉ። እኔ ድንጋዩን ቤቴ ወስጄ ደጃፌ ላይ አስቀመጥኩት፤ ስምንት ቀን ስወጣና ስገባ አየኝ።

በዘጠነኛው ቀን ኑርሀያት መጣች። ከባጃጁ የወረደችው የቡድኑን ቱታ ለብሳ፣ አንዲት ትንሽ ቦርሳ ይዛ ነው። ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ወጥቷል፤ እልል የሚለውም የሚያፍረውም ተቀላቅሏል። ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ አድርጌ ከፊቷ ቆምኩ። እናቷ በስልክ ሁሉን ነግራታለች። ብዙ አየችኝ። ሃያ አምስት ዙር ያህል መሰለኝ። ከዚያ በሁለት እጇ አውርዳ መሬት ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው።

«አፉ ብያለሁ አባ ሀሚዱ። ለእርስዎ ነው ግን። ለሌላው ገና ነኝ» አለችኝና ቦርሳዋን ለእናቷ ሰጥታ ሄደች። ወደ ቤቷ አይደለም፤ ወደ ሀጂ አብዱልሰመድ ቤት።

ተከተልናት። ሀጂ ከሽማግሌዎች ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ስትገባ ሲያዩ ፊታቸው ቀለል አለ፤ ነገሩ አለቀ ብለው መሆን አለበት። «ነይ ልጄ፣ ነይ» አሉ። «ያለፈው አልፏል። ይቅር ለመባባል መምጣትሽ…»

«ይቅርታ ልጠይቅ አልመጣሁም ሀጂ» አለች ኑርሀያት። ሻርፗን ወደ ግንባሯ ሳበች። ዓይኗ ከሰውዬው ዓይን አልወረደም። «ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት። ዘይኑልአቢዲንን አላህ ይርሃማቸው። ሳይነገረኝ ቀርቶ ሳልቀብራቸው ቀረሁ።»

እኔ በሩን ይዤ ቆሜአለሁ። ሀጂ አብዱልሰመድ እንደ ልጅ አለቀሱ፤ በቀብሩም ቀን እንዲያ አላለቀሱም። እያለቀሱ ተነሱ። አሳ ቤት ውስጥ እናቷ ስትቀመጥ ሊወጡ የተነሱት ሰው፣ አሁን ለልጅቷ ቦታ ሊለቁ ተነሱ። ከጎናቸው አስቀመጧትና እጇን ይዘው «እኛን አፉ በይን» አሉ።

«ለእኔ አይደለም» አለች ኑርሀያት። «እናቴን ያስወጣችኋት ሰው ሁሉ እየሰማ ነው፤ ስትመልሷትም ሰው ሁሉ ይስማ።»

ሀጂ ዓይናቸውን ጠርገው ቤቱን ቃኙ፤ በሩ ላይ አገኙኝ።

«ሀሚዱ!» አሉ። «ምን ትጠብቃለህ? ውጣ! መመለሷን ከሁለቱም ጉብታ ለፍፍ!»

ጉልበቴ ያን ቀን እንደ ጉድ ያመኝ ነበር። ሁለቱንም ወጣሁ።